ሙሚና የዘጋችው ዕዳ

አጎቴ ጥጋቡ፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን፣ ይህን ሳይናገሩ አይነሡም፦
«ድሬ ግራር ነበር፣ ድሬ ጅብ ነበረ፣ አንድ ሰው አልነበረበትም።
ወሰንየለህ ወርዶ ከሐረር ደጋ ላይ፣ በበቅሎ፣ ብቻውን፣
ካስማ መትቶ ያዘው ይህን ሁሉ አገር፣ ይህን ሁሉ ሜዳ፣ ይህን!»

አክስቴ ዘርፌ ግን ጎንበስ ትልና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጋርዳ፣
«ሰው ገድሎ ነው» ትላለች፣ «ከመንዝ የወጣው፤ ደም ያባረረው እንግዳ።»

ስሙን ያወጣችው እናቱ፣ ወሰን የለህ ስትል፣ ምን ታይቷት ይሆን?
እኛ ለአንዲት ክንድ አጥር ስንካሰስ ኖርን፣ የወሰንየለህ ልጆች ሆነን።

ጡረታ ስወጣ ከምድር ባቡር መዝገብ ቤት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ስም ስደረድር ኖሬበት፣
እስቲ የራሴን አልኩ።

መጀመሪያ ሣጥኑን። የለም።
በዘጠና ስምንት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ደቻቱ በሌሊት መጣ፤
ፎቶውን፣ ውሉን፣ የእናቴን ጥሎሽ ጠራርጎ ወጣ።
ግድግዳው ላይ የውሃው ልክ ቀርቷል፣ ከደረቴ በላይ፤
ቀለም በቀባን ቁጥር ጥቂት ተደብቆ ይመለሳል ሲታይ።

ከዚያ የደሞዙን መዝገብ። የፈረንጅ እጅ ጽሑፍ፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው።
«ኡሳን» ይላል አንዱ ገጽ። «ኡሰን» ይላል ሌላው።
ነጋድራስ አይልም። መንገድ መሪ አይልም።
«ድንጋይ ጠራቢ» ይላል፤ ሁለት ወር ቆይቶ «ታሟል»።
ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ጣቴን አስጠጋሁበት።
ጣቴ ይበልጠዋል።
አጎቴ ሲያወሩት ቁመቱ ጣሪያ ነበር የሚነካው፤
እንጃ ለምን እንደሆነ፣ አቦ፣ ደስ አለኝ፣ ትንሽ ሰው መሆኑን ሳውቀው።

በደንገጎ ዳገት፣ ጆሮዬ እየተደፈነ፣ ሐረር ወጣሁ።
ጁገል፣ አርጎ በር አጠገብ፣ ሐጂ ኢምራን ነደባው ላይ ተቀምጠው፣
የአያታቸውን የሱቅ ደብተር እንደ ሕፃን ከጨርቅ ፈተው፣
ጣታቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እየጎተቱ፣ በአማርኛ አነበቡልኝ፦
«ወሰን፣ ድንጋይ ጠራቢው። ሁለት ቁና ጨው፣ አምስት ክንድ አቡጀዲ። አልከፈለም።»
ሳቁብኝ። «ልትከፍል ነው እንዴ የመጣኸው?»
እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ያዙኝ። «ቆይ፣ ገጹ አላለቀም።
ሙሚና፣ ሚስቱ፣ ከታች ከውሃው ሰዎች። በአንዲት ጊደር ዘጋችው።»

ሙሚና።

በቤታችን የዘር ሐረግ ይህ ስም የለም።
ያለችው ወለተ ኪዳን ናት፤ በፍታት፣ በተዝካር የተጠራች፣
አባት የሌላት፣ አገር የሌላት፣ እንደ እንጉዳይ ከጠበል ሥር የበቀለች።
ስሟን ያቆየልን ቄስ አይደለም፣ ልጅ አይደለም፤
ባለሱቅ ነው፣ ያውም ሒሳቡ እንዳይሳሳት ብሎ።

ታዲያ፣ አጎቴ፣ በዚያ ባዶ ሜዳ
ጊደር ያላት ሴት ከየት መጣች? ውሃውንስ ማን አሳየው ለዚያ እንግዳ?
ካስማ ከመምታቱ በፊት ጠምቶት ነበር፤ ይህን ማንም አያወራም።
ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሰው ከተማ አይታየውም።
ከኦሮምኛ ሁሉ መጀመሪያ የያዛት ቃል «ቢሻን» ሳትሆን አትቀርም።

ለአጎቴ ገና አልነገርኳቸውም።
ልባቸው ደካማ ነው፤ ለፋሲካ ስል፣ ለሠርጉ ስል፣ ዓመቱ አለቀ።
ወረቀቱ ላይ ግን ጻፍኳት፤ ከጎኑ አይደለም፣ ከላይ።
የአባቷን ስም ቦታ ክፍት ተውኩት።

ትናንት በማታ፣ ሙቀቱ ቀለል ሲል፣ ደቻቱ ወረድኩ።
በጋ ነው፤ ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው፣ ላስቲክና የፍየል እግር።
አንዲት ልጅ ተንበርክካ በጣሳ ትቆፍራለች፤
አሸዋው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ረጠበ፣ ከዚያ ውሃ ሆነ።
እስኪጠል ጠበቀች።
ስጪኝ አልኳት።
ሰጠችኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም።